ከለንደን እስከ ሶመርሴት፦ በጾምና በፍስክ መሃል

ረቡዕ፣ ጥር 6 — ለንደን

እንግሊዝ አገር ምግብ ፍለጋ ልሄድ ነው ስል አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ምን ልትበዪ? ድንች?» አለችኝ አንዷ። ለንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅም ከነሱ አይሻልም። ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ኖሯል፤ እቤቱ ግን ከእንጀራ ሌላ አይበላም። ቢሆንም ፈቃድ ወስዶ፣ የመኪናውን ጎማ አስነፍቶ ጠበቀኝ። የጉዞውን ፕሮግራም ያወጣው እሱ ነው፤ ያወጣውም ጾም እየቆጠረ ነው። ቺዝ ሐሙስ፣ ሲደር የሚሉት የአፕል መጠጥ ዓርብ፣ ቅዳሜ የፈለግሽውን ብዪ፣ እሑድ ገሃድ ስለሆነ ወደ ቤት።

ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ የመጣነው ለማየት ብቻ ነው። ቦሮ ማርኬት ለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ ሥር ነው፤ ባቡሩ ከጭንቅላትህ በላይ እየተንጓጓ ያልፋል። ቱሪስቱ ወረፋ ይዞ የሚበላውን ትተን ወደ አትክልቱ ሄድን። ዓይኔ ያረፈው ሩባርብ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ደማቅ ሮዝ የሆነ ግንድ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ቅጠል። በዚህ ብርድ ከየት መጣ? አልኩ። ሰሜን ውስጥ፣ ዮርክሸር፣ ዌክፊልድ አካባቢ ጨለማ ቤት ውስጥ ያበቅሉታል። ሥሩ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሜዳ ላይ ይቆያል፤ ውርጭ ይመታዋል። ከዚያ ነቅለው መስኮት የሌለው የሞቀ አዳራሽ ውስጥ ይተክሉታል። ብርሃን ያጣው ተክል ሥሩ ውስጥ ያከማቸውን ስኳር እየበላ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ለዚህ ነው ለስላሳ የሚሆነው። ሲሰበስቡት እንኳ መብራት አያበሩም፤ በሻማ ነው። ቅጠሉ መርዝ ስለሆነ አይበላም። የዮርክሸሩ ሩባርብ ስም ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው)። አንድ እስር 4 ፓውንድ። የጾም ስለሆነ ገዛን። ማታ የአክስቴ ልጅ ሚስት በስኳር ብቻ ቀቀለችው። ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ ኒልስ ያርድ ዴይሪ ገባን። ከ1979 ጀምሮ የእንግሊዝንና የአየርላንድን ትናንሽ ቺዝ ሠሪዎች ሥራ እየገዛ፣ እያስበሰለ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ወለሉ እርጥብ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጎማ የሚያካክል ቺዝ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሻጩ ቢላው ጫፍ ላይ ቀጭን ቁራሽ አድርጎ ዘረጋልኝ። የአክስቴ ልጅ እጄን ያዘኝ። «ረቡዕ!» አለኝ። ሻጩ ነገሩ ሲገባው ሳቀና «ነገም ያው ነው ጣዕሙ» ብሎ ሩብ ኪሎ በወረቀት ጠቀለለልን። 11 ፓውንድ ገደማ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በ3 ፓውንድ ከዚያ የሚበልጥ ቼዳር የሚባል ቺዝ ይገኛል። ፓውንዱን ወደ ብር መቀየሩን እዚያው ተውኩት፤ ቆጥሮ መብላት አይቻልም።

ይሄ ሱቅ በ2024 ጥቅምት አካባቢ ዓለም ያወራለት ጉድ ደርሶበታል። የትልቅ ነጋዴ ወኪል ነኝ ያለ ሰው 22 ቶን ቼዳር አዘዘ። 950 ድብልብል ቺዝ፣ ዋጋው ወደ 300,000 ፓውንድ። ተጭኖ ሄደ፤ ገንዘቡ አልመጣም። ሰውየው አጭበርባሪ ነበር። ደስ የሚለው፣ ሱቁ ኪሳራውን ራሱ ይዞ ለሦስቱ ቺዝ ሠሪ ገበሬዎች ገንዘባቸውን ከፈለ። የአክስቴ ልጅ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ «22 ቶን ቺዝ የት ይደበቃል? ሽታው አያጋልጥም እንዴ?»

ሐሙስ፣ ጥር 7 — ቼዳር እና አካባቢው

ከለንደን ወደ ምዕራብ በኤም 4፣ ከዚያ በኤም 5 መንገድ። የአክስቴ ልጅ ከመነሳታችን በፊት «ዛሬ ሥላሴ ነው፤ በሰላም ያስገባን» ብሎ አማተበ። ስለ አውራ ጎዳናው የምለው የለኝም፤ ዝናብና መኪና ነው።

ቼዳር የቺዝ ስም ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ሶመርሴት ውስጥ ያለች መንደር ናት። ከበላይዋ ገደል አለ፤ መንገዱ በሁለት የድንጋይ ግድግዳ መሃል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ገደሉ ሥር ዋሻ አለ፤ በ1903 ወደ 10,000 ዓመት የሚጠጋ የሰው አጽም የተገኘው እዚያ ነው። የድሮ ሰዎች ቺዛቸውን ዋሻ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ ቅዝቃዜው ክረምት ከበጋ አይለዋወጥማ። አሁንም መንደሩ ውስጥ የቀረው አንድ ቺዝ ሠሪ የተወሰነውን እዚያው ዋሻ ውስጥ ያስበስላል። አንድ ብቻ! ቼዳር በዓለም ሁሉ ይሠራል፤ ስሙን ማንም መለጠፍ ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሠራሩን ያስተካከለው ጆሴፍ ሃርዲንግ የሚባል የሶመርሴት ሰው ዘዴውን ለጠየቀው ሁሉ አስተማረ። የምዕራቡ ገበሬዎች በኋላ ያስጠበቁት «ዌስት ካንትሪ ፋርምሃውስ ቼዳር» የሚለውን ረጅሙን ስም ነው። ያንን ለመጻፍ ከአራቱ የምዕራብ አውራጃዎች በአንዱ መሠራት፣ ቢያንስ 9 ወር መቆየት አለበት።

ከመንደሩ ወጥተን ወደ አንድ እርሻ ሄድን። ቺዝ ቤቱ ገና ሲከፈት የጎምዛዛ ወተት ሙቀት ፊት ይመታል። አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ልተወው፤ አንዱን ነገር ግን ልንገራችሁ። ወተቱ ከረጋና አጓቱ ከፈሰሰ በኋላ የቀረውን እንደ ትልቅ ጡብ ይቆርጡታል። ከዚያ አንዱን በአንዱ ላይ ይደረድሩታል፤ ትንሽ ቆይተው የታችውን ወደ ላይ፣ የላይውን ወደ ታች። ደግሞ ቆይተው እንደገና። በራሱ ክብደት አጓቱ እየወጣ፣ ጡቡ እየሳሳ ይሄዳል። ሁለት ሴቶች ሳይነጋገሩ፣ እኩል ጎንበስ እኩል ቀና እያሉ ይሠሩታል። ክንዳቸውን ብታዩ! ከዚያ ይፈጫል፣ ጨው ይገባበታል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጫናል። አንዱ ቺዝ 25 ኪሎ ገደማ ነው።

የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ነው የሚሠራው፤ ለትንሽ ቀን ነው የሚቆየው። ይሄ ሙሉ ወተት ነው፤ ቅቤው ውስጡ ነው ያለው፤ ሰዎቹ ደግሞ ዓመት፣ ዓመት ከመንፈቅ ይጠብቁታል። ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ዓመት ሙሉ የሚከርም ገበሬ እንዴት እንደሚኖር አልገባኝም። ለካ ብዙዎቹ አልኖሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት ወተቱን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ዓይነት ቼዳር በፋብሪካ አሠራው። ሕዝቡ በኩፖን ነበር የሚበላው፤ የቺዝ ድርሻው ብዙ ጊዜ በሳምንት 57 ግራም ገደማ ነበር። ራሽኑ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1954 ነው። እስከዚያ አብዛኛው የገበሬ ቺዝ ቤት ተዘግቶ፣ እናት ለልጇ ማስተማሩ ተቋርጦ ነበር። «የእንግሊዝ ምግብ ጣዕም የለውም» የሚባለው ወሬ ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል።

ማስቀመጫ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። ቺዞቹ ግራጫ ሻጋታ ለብሰው፣ ጨርቃቸው አቧራ መስሎ ቆመዋል። መደርደሪያው ሥር ያለው ቡናማ ዱቄት ቅርፊቱን የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት ትራፊ ነው አሉኝ። ወደ ኋላዬ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሰውየው ግማሽ ቱቦ የሚመስል ብረት አወጣ። ቺዙ ውስጥ ወጋው፣ አዞረው፣ ሳበው። ጣት የምታህል ቁራሽ ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ብረቱን አሸተተ። ከጫፉ ቆንጥሮ ሰጠን። የቀረውን ቁራሽ መልሶ ቀዳዳው ውስጥ ከተተና በአውራ ጣቱ ልጎ ደፈነው። አፌ ውስጥ መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ የለውዝ ጣዕም፣ መጨረሻ ላይ የሾርባ ነገር መጣ። ይሄና የሱፐርማርኬቱ ስማቸው ነው አንድ የሆነው።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ቁራሽ እያኘከ «ጨርቁ በምንድነው የተለጠፈው?» ሲል ጠየቀ። «በአሳማ ስብ» አለው ሰውየው፣ በኩራት። ማኘኩ ቆመ። ስቡ ጨርቁ ላይ ነው፣ ቺዙ ውስጥ አይደለም፣ ጨርቁ ተልጦ ይጣላል ብለን ብንነግረውም ዓይኑ ፈጠጠ። በመጨረሻ ከመሃል የተቆረጠ፣ ቅርፊት የሌለው አስጠቀለለ። በየሳምንቱ እነዚህን ሁሉ 25 ኪሎዎች የሚያገላብጣቸው ማነው ስል እዚህ በእጅ ነው አሉኝ። ጎረቤታቸው ዌስትኮም ያለው ቺዝ ቤት ግን ሮቦት ገዝቷል፤ በዘፋኟ በቲና ተርነር ስም ነው የሚጠሩት፤ «ተርነር» አገላባጭ ማለት ነውና።

ዓርብ፣ ጥር 8 — ኪንግስበሪ ኤፒስኮፒ

ያደርነው ክፍሉን በ80 ፓውንድ የሚያከራዩ አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ጥሩ አልጋ፣ ቀዝቃዛ መታጠቢያ ቤት።

ይሄ አካባቢ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አይልም፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። የስልኩ ካርታ አቋራጭ ነው ብሎ በአንድ ጠባብ መንገድ አስገባን። ግራና ቀኝ አጥር፣ መሃሉ ለአንድ መኪና ብቻ። ተጠማዞ ሲያልቅ መንገዱ ውሃ ውስጥ ገባ። «ይታለፋል» አለ የአክስቴ ልጅ። «አይታለፍም» አልኩ። ስንከራከር ከኋላችን ትራክተር መጣ። ሾፌሩ ወርዶ በቦቲ ጫማው ውሃው ውስጥ ገባ፤ ጉልበቱ ድረስ ደረሰ። ዞሮ አየንና ምንም አልተናገረም። በኋላ ማርሽ፣ ትራክተሩ እየመራ፣ እኛ አጥሩን እየፋቅን ተመለስን። የቀኙ መስታወት ለወጉ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መንገድ ዳር የእንቁላል ሳጥን አየሁ። ሻጭ የለም። ቆርቆሮ ጣሳ፣ ላዩ ላይ ዋጋ ተጽፏል፤ ወስደህ ሳንቲሙን ትጥላለህ። ጾም ባይሆን እገዛ ነበር።

በሮ ሂል የሚባለው ኮረብታ ላይ አንድ ብቸኛ ዛፍ ቆሟል፤ ከሩቅ ይታያል። ሥሩ ያለው እርሻ ሲደር ይጠምቃል፣ ከሲደሩም አረቄ ያወጣል። መጋዘኑ ውስጥ በርሜሎቹ ከእኔ ይበልጣሉ። ለሲደር የሚሆነው አፕል የሚበላው አይደለም። ኪንግስተን ብላክ፣ ዳቢኔት፣ ያርሊንግተን ሚል ይባላሉ። ከተረፈው አንዱን ነክሼ ምላሴ ደረቀ። የጨንቻን አፕል ለለመደ ሰው ቅጣት ነው። ያ የሚያደርቀው ነገር ነው ግን በርሜል ውስጥ ከርሞ ለመጠጡ አካል የሚሰጠው።

ፋብሪካው ሲደር ጣፋጭ ነው፣ ይንጣጣል። ይሄኛው አይንጣጣም፤ ጥቁር ወርቅማ፣ ደረቅ፣ ትንሽ የቆዳ ሽታ ያለው ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ አልወደድኩትም። ሁለተኛው ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። የአክስቴ ልጅ ሾፌር ስለሆነ ያሸተው ነበር። «የጾም መጠጥ ነው፣ ጠጪ» እያለ ቀናብኝ።

ድሮ የእርሻ ሠራተኛ ከደሞዙ የተወሰነውን የሚቀበለው በሲደር ነበር። በ1887 ሕግ ወጥቶ ደሞዝን በመጠጥ መክፈል ተከለከለ። ደቦ ላይ ጠላ ለሚያቀርብ ሰው ይሄ ሕግ ይገርመዋል፤ የኛ ግን ግብዣ ነው፣ የነሱ ሒሳብ ነበር። ትናንሾቹ ሲደር ሠሪዎች እስከ ዛሬ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ቀረጥ ነው። ከ1976 ጀምሮ በዓመት ከ7,000 ሊትር በታች የሚሠራ ሰው የመጠጥ ቀረጥ አይከፍልም። ስለዚህ ጓሮው አምስት ዛፍ ያለው ሁሉ ይጠምቃል። የኛ ኤክሳይስ ሰብሳቢዎች ይህን ባያነቡት ይሻላል ወይስ ቢያነቡት? እንጃ።

አረቄው የሚወጣው በሁለት ረጃጅም የመዳብ ማውጫዎች ነው፤ ጆሴፊን እና ፊፊ ይባላሉ፣ ከፈረንሳይ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ፈቃዱን ያገኙት በ1989 ነው። «ሶመርሴት ሲደር ብራንዲ» የሚለው ስም በ2011 ተጠብቆላቸዋል። በኦክ እንጨት በርሜል አምስት ዓመት የቆየውን አቀመሱኝ። ጉሮሮ አይቧጥጥም፤ ደረት ላይ ሄዶ ይሞቃል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ያዝኩ። ካቲካላ ለሚወዱት አጎቴ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9 — ደንስተር እና ካርሃምፕተን

ፍስክ! የአክስቴ ልጅ ከእንቅልፉ የነቃው ርቦት ነው። ወደ ባሕሩ ስንሄድ አንድ ፐብ ቆመን «የአራሽ ምሳ» የሚሉትን አዘዝን። ወፍራም ዳቦ፣ ትልቅ ቁራጭ ቼዳር፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት፣ ጣፋጭ ቹትኒ፣ ግማሽ አፕል፣ የአሳማ ሥጋ። ሥጋውን አስነሳን። ሽንኩርቱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ከቺዙ ጋር ግን ሲበሉት ነገሩ ይገባል። ስሙን ስሰማ ከጥንት የመጣ መስሎኝ ነበር። አራሽ ዳቦና ቺዝ መብላቱ እውነት ነው። ስሙን በየፐቡ ያስፋፋው ግን ከራሽን በኋላ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ቺዝ ለመሸጥ የተደረገ ማስታወቂያ ነው። ዋጋው 14 ፓውንድ። ዛሬ የሚበላው ከለንደን የመጣ እንደኔ ያለ እንግዳ ነው፤ አራሹ ትራክተሩ ላይ ሳንድዊች እየበላ ነው። ይሄ ነገር ጉዞውን ሁሉ ይከነክነኝ ነበር። የገበሬ ምግብ ተረፈ፣ እሰይ። የገበሬ ኪስ ግን አይደፍረውም።

ደንስተር ቤተ መንግሥት ያላት፣ ድንጋይ የተነጠፈባት ከተማ ናት። ሻይ ቤት ገብተን ስኮን የሚሉትን ትንሽ ኬክ በክሬም አዘዝን። ክሬሙ ወተት ላይ ያለው ቅባት በቀስታ ሞቆ፣ ላዩ ቆዳ እስኪይዝ ቀዝቅዞ የሚሰበሰብ ነው። ቢጫ ነው፣ ማንኪያ ያቆማል። የዴቨን አውራጃ ሰዎች ክሬሙን አስቀድመው ማርማላታውን ከላይ፣ የኮርንዎል አውራጃ ሰዎች ማርማላታውን አስቀድመው ክሬሙን ከላይ ያደርጋሉ፤ እስከ መጣላት ይከራከሩበታል። እኛ አንዱን እንዲህ አንዱን እንዲያ በላን። ልዩነት የለውም። ይሄን ግን እዚያ አትናገሩ።

ሲመሽ ካርሃምፕተን ሄድን። በጃንዋሪ 17 ማታ የአፕል ዛፍ ይመርቃሉ፤ «ዋሴል» ይሉታል። ከፐቡ ጀርባ እሳት ተያይዟል። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ውሻ፣ ሁሉም ጭቃ ላይ ቆሟል። ቅመም የገባበት ትኩስ ሲደር በኩባያ ይዟል። ከዛፎቹ ትልቁን ከበው ዘፈኑለት። ሲደር ውስጥ የተነከረ የተጠበሰ ዳቦ ቅርንጫፉ ላይ ሰቀሉ፤ ለቀይ ደረቷ ወፍ ነው አሉ፣ መልካም መንፈስ ናት። ሥሩ ላይ ሲደር አፈሰሱ። ከዚያ ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ጠመንጃ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። የአክስቴ ልጅ ከአገር የወጣበትን ዘመን አስታውሶ ነው መሰል ጎንበስ አለ። አጠገባችን የነበሩ ሴትዮ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ኩባያቸውን ሰጡት።

ለምን ጃንዋሪ 17? እንግሊዝ በ1752 ከጁሊያን ካሌንደር ወደ አሁኑ ስትቀየር 11 ቀን ተዘለለ። ሴፕቴምበር 2 የተኛ ሰው ሲነሳ ሴፕቴምበር 14 ሆኖ ጠበቀው። አንዳንድ መንደሮች ግን ዛፋቸውን በድሮው ቀን መመረቃቸውን አልተዉም። ምርቃቱ መጀመሪያ ጃንዋሪ 6 ላይ ነበር፤ 11 ስትደምሩበት 17። ጃንዋሪ 6 ደግሞ በነሱ ጥምቀት ነው። የድሮው አቆጣጠር በ1800 እና በ1900 አንድ አንድ ቀን ጨምሮ ልዩነቱ 13 ደርሷል፤ ስለዚህ የእኛ ጥር 11 በነሱ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። እነሱ 11 ላይ ቆሙ፣ እኛ 13 ደረስን። በዓሉ ግን አንድ ነበር። ይህን እሳቱ አጠገብ ለሴትዮዋ ሳስረዳቸው «ታዲያ እናንተም ነገ ዛፍ ትመርቃላችሁ?» አሉኝ። «ታቦት ነው የምናወጣው» አለ የአክስቴ ልጅ። ያንን ማስረዳት እስከ ሦስት ሰዓት ወሰደብን።

እሑድ፣ ጥር 10 — ዋቼት፣ ከዚያ ለንደን

አስተናጋጃችን ቁርሱን ሳንጠይቅ ይዘውት መጡ። ቋሊማ፣ ቤከን፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲም። ዛሬ ገሃድ ነው። ሐሙስም ዓርብም ያላስረዳነውን ያህል ማስረዳት ጀመርን። «ቪጋን ናችሁ?» አሉን። «ለዛሬ» አልን። ሰውየው ሳይከፉ ሳህኑን መልሰው ባቄላውን፣ እንጉዳዩንና ቲማቲሙን ብቻ አመጡ። ቅቤ የሌለው ዳቦ ደግሞ በምን ይበላል?

ኩሽናው ውስጥ ድስት እየፈላ ነበር። መራራ ሽታ፣ ስኳር፣ ብርቱካን። የሴቪል ብርቱካን ከስፔን የሚመጣው በዚህ ሰሞን ለትንሽ ሳምንት ብቻ ነው። ጥሬውን አይበሉትም፤ ይመራል። ስለዚህ ጥር ሲመጣ በየቤቱ ማርማሌድ ይቀቀላል። ሰውየው ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና በጣታቸው ገፉት። ላዩ ተሸበሸበ። «በቃ» ብለው ምድጃውን አጠፉ። ልጣጩ በእጅ የተቆረጠ ነው፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ከዳቦው ጋር ስበላው ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት ይሄ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ሁለት ብልቃጥ በ8 ፓውንድ ሸጡልን።

በመልሱ መንገድ ከመኪናው ኋላ ቼዳሩ መሽተት ጀመረ። መስኮት ከፈትን፤ በረደን። ዘጋን፤ ሸተተን። ማታ የአክስቴ ልጅ ሚስት ፍሪጅ አላስገባም ብላ በረንዳ ላይ አሳደረችው።

ሰኞ ከጥምቀት መልስ ከድፎ ዳቦ ጋር ቀረበ። ልጆቹ አሸተቱና ሄዱ። አክስቴ አንድ ቁራሽ አላምጠው፣ ትንሽ ቆይተው «አይቡ ጥሩ ነበር፤ ቅቤውን ማውጣት ረስተዋል» አሉ። ከዚያ ሌላ ቁራሽ ጠየቁ። ቅርፊቱን ቀርፎ የሰጣቸው ልጃቸው ነው፤ ስለ ጨርቁ ግን ትንፍሽ አላለም።